የእናቴ ፈትል ሮተርዳም ደረሰ

ከሆላንድ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ ጎራ የሚለው ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንዱ «ምን በላህ?» ነው፤ ሌላው «እውነት በዓይንህ አየሃት?» ነው። ለእያንዳንዱ ከሀ ጀምሬ ስተርክ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ሥራዬም ቆመ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ማንበብ የሚችል ያንብበው፤ ዓይኑ የደከመ ልጁን ያስነብብ። እኔ ከዛሬ ወዲያ ሸማኔ እግሩን ከሚከትባት ጉድጓዴ አልወጣም።

ለማያውቀኝ፣ ሰይድ እባላለሁ፤ የደሴ ሸማኔ ነኝ፤ አባቴም ሸማኔ ነበር። ታናሽ እህቴ ዘሃራ የአራት ዓመት ልጇን ሐያትን ይዛ ከአገር ከወጣች ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት። ሆላንድ ውስጥ ስኪዳም በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሐያት ደግሞ ዘፋኝ ሆነች። የአውሮፓ አገሮች በየዓመቱ አንድ አንድ ዘፈን እየላኩ በቴሌቪዥን የሚወዳደሩበት፣ ሕዝቡም በስልክ ድምፅ የሚሰጥበት ትልቅ ውድድር አለ። በዚህ ዓመት ውድድሩ ሮተርዳም ላይ ሆነ፤ ሆላንድም ሐያትን መረጠች። ዘፈኗ ግማሹ በነሱ ቋንቋ፣ ግማሹ በአማርኛ ሆኖ ቅኝቱ ባቲ ነው። ባቲ ማለት ከደሴ ቁርስ በልቶ የወጣ ሰው ለምሳ የሚደርስባት የኛዋ ባቲ ናት። ይህን የሰማሁ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ለሰላምታ እንኳ አንገቴን ዝቅ አላደረግሁም።

እናታችን ከመሞቷ በፊት የፈተለችው ጥጥ በሳጥን ተቀምጦ ነበር። «ለሐያት ነው፤ ሠርጓ ቀን ትልበሰው» ብላ ነው የሄደችው። ዘሃራ ደውላ ሐያት መድረክ ላይ የምትለብሰው ከዚያ ፈትል ይሠራላት ስትለኝ፣ የሠርግ ልብስ ለዘፈን አላወጣም ብዬ ተቆጣሁ። እሷም «ጋሼ፣ ልጄን ካወቅኳት ሠርጓ ይኸው ነው» አለችኝ። እሺ አልኩ። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእናቴ፣ ጥለቱ ቀይና ወርቃማ ሆኖ ቀሚሱንና ነጠላውን ሠራሁ። ፈትሉ እስከ መጨረሻዋ ክር አለቀ፤ የተረፈችው መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብቻ ናት። በመጨረሻም ነጭ ከሆነ አይቀር ብዬ ገበያ ውስጥ ባለው ምርጥ የሳሙና ዱቄት ሦስት ጊዜ አጥቤ በደሴ ፀሐይ አደረቅሁት። ይህች ሦስት ጊዜ ማጠብ ኋላ ጉድ አፈላችብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ለቪዛው ፎርም ስሞላ «ሥራ» የሚለው ላይ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። በልጅነታችን ሸማኔ መባል ስድብ ነበር። ዘሃራ «የሸማኔ ልጅ» ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ስትመጣ፣ አባታችን መወርወሪያውን ከእጁ ሳያስቀምጥ «የሰደቡሽ ልጆች ራቁታቸውን ነበሩ እንዴ?» ይላት ነበር። እሷ ያኔውኑ ትስቃለች። እኔ ግን ቂሙ ከሆዴ አልወጣም፤ የሱቄ ታፔላ እንኳ «ሰይድ የባህል ልብስ መደብር» ነበር የሚለው።

እሑድ

ከደሴ የወጣሁት በንጋት አውቶቡስ ነው። ልብሱን በትራስ ጨርቅ ቋጥሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ካልተጫነ ብሎ ተጣላን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሕፃን የታቀፍኩ መስሏቸው እስከ ደብረ ሲና ድረስ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፤ እውነቱን ስነግራቸው ተቆጡ። ጥለቱን በቋጠሮው ጫፍ ሲያዩት ግን መረቁኝ፤ ቆሏቸውንም አካፈሉኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ቋጠሮውን ከላይ ላስቀምጥልዎት ስትለኝ እምቢ አልኳት፤ እሷ እንደ ረዳቱ አልተጣላችኝም፤ ፈገግ ብላ አለፈች። ምግቡ በትንንሽ ሳህን ተከፋፍሎ ስለሚቀርብ የቱ እንደሚቀድም ሳላውቅ ኬኩን ከሩዙ በፊት ጨረስኩት።

ሰኞ

ስኪፖል በሚባለው አየር ማረፊያ ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ ሥራዬን ጠየቀኝ። «ቢዝነስ» አልኩ። ቋጠሮዬን አየት አድርጎ ማህተሙን መታልኝ።

ውጭ የጠበቀኝ ሁሴን ነው። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እዚያው አየር ማረፊያ የጭነት ክፍል ይሠራል፤ ቤቱም ከአምስተርዳም ጥግ አምስተልቨን ነው። ለኔ ብሎ ፈቃድ ወስዷል። የሆላንድን ቤት ደረጃ ደረጃ ማለት ይከብዳል፤ የቆጥ መሰላል ነው። አንድ እጄ ሻንጣ፣ አንድ እጄ መደገፊያ ስለያዘ ቋጠሮውን በጥርሴ ነክሼ ወጣሁ። ሁሴን ከኋላዬ ሆኖ ብወድቅ ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ ይከተለኝ ነበር። ምሳ ብሎ ያቀረበልኝ ዳቦ፣ በቢላ የሚቆረጥ ደረቅ አይብና ቀዝቃዛ ወተት ነው። እዚህ አገር የምሳ ምግብ እሳት አያይም አለኝ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ ወዲያው ተነሥቶ ሩዝ በሥጋ ሠራልኝ። አልጋውን ለኔ ለቆ ራሱ ሶፋ ላይ ተኛ፤ ብለምነው ብለምነው እምቢ አለ።

ከሰዓት በኋላ አምስተርዳምን አሳየኝ። ቤቶቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዱም ቅኔ እንዳልገባው ተማሪ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሏል። ሰዎቹ መጋረጃ የላቸውም፤ እራታቸውን ሲበሉ ከመንገድ ይታያሉ። እኛ ዓይን እንዳይበላን በር ዘግተን እንበላለን፤ እነሱ ግን ምንም አልሆኑም፤ ቁመታቸው እንዲያውም ከኛ ይበልጣል። ይህን ቆሜ ስመለከት ለካ የቆምኩት የብስክሌት መንገድ ላይ ኖሯል። አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ከፊት ባለ ሣጥን ጭና ደወሏን እየደወለች መጣች። ዘልዬ ሁሴን ላይ ወደቅሁ። ሕፃናቱ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ትራም መጠበቂያው ላይ ደግሞ ከኔ የምትበልጥ የሐያት ፎቶ ተሰቅላለች። ሁሴን «ጋሽ ሰይድ፣ ይቺው» ብሎ ቆመ። የእናቴን ግንባር እዚያ መስታወት ውስጥ አየሁት። አጠገባችን ትራም የሚጠብቁ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ፎቶዋን በከዘራቸው እያመለከቱ አንድ ነገር አሉኝ። ሁሴን ሲተረጉምልኝ «የኛ ሐያት» ነው ያሉት። ከናንተ በፊት የኛ ናት ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ሁሴን ግን አልተረጉምም አለ።

ማክሰኞ

ወደ ስኪዳም በባቡር ሄድን። አገሩ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ብቻ ነው። ጧት ማታ ጦሳ ተራራ ከራሱ በላይ ተገትሮ ለሚያይ ለኔ ዓይነቱ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ጉሙና ካፊያው ግን የደሴ ክረምት ነው፤ በዚህ በዚህ አገሬ ነኝ አልኩ።

ጣቢያው በር ላይ ካርድ እያስነኩ ነው የሚወጣው። ሲወጡ ካርድ ማስነካቱን «ኡትቼክ» ይሉታል፤ ሁሴን «ኡትቼክ ማድረግ እንዳይረሱ» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ በትክክል አስነካሁ መሰለኝ፤ በሩም ተከፈተ። ቋጠሮዬን አስቀደምኩ። ቋጠሮው ሲያልፍ በሩ እኔ ላይ ተዘጋ። የእናቴ ፈትል ውጭ፣ እኔ ውስጥ። ወንድ ልጅ በሆላንድ ጣቢያ እንዴት እንደሚጮህ ያን ቀን ታየ። አንድ ዘበኛ ሮጦ ከፈተልኝ፤ ቋጠሮውን ራሱ አንሥቶ በሁለት እጁ አቀበለኝ።

ዘሃራ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። ስንተቃቀፍ ሁለታችንም አለቀስን፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ገንፎ አገንፍታ ጠበቀችኝ፤ ሁሴንም በልቶ ተመለሰ። ወደ ማታ ሐያት በብስክሌት ከነዝናቧ መጣች። «እንዴት ነህ አጎቴ?» ብላ አቀፈችኝ። ዘሃራ በ«አንተ»ው አፍራ ፊቷ ቀላ። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታ አያውቁም፤ እኔም ደሴ ብሆን ኖሮ አኮርፍ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ምንም አልመሰለኝ። ቋጠሮውን ፈታሁ። ሐያት ለብሳ ስትወጣ ዘሃራ የነጠላውን ጫፍ አንሥታ አሸተተችው። የእናቴ ሽታ ከሦስቱ እጥበት በኋላ የሚቀር አይመስለኝም ነበር፤ እሷ ግን አለ አለች።

ረቡዕ

ሮተርዳም ውስጥ ውድድሩ የሚካሄድበት አዳራሽ የደሴን ሰው ግማሹን ይይዛል። የካሜራ ልምምድ ስለነበር ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ እኔና ዘሃራ ፊት ለፊት ተቀመጥን። መብራቱ ሲበራና ባቲው ሲጀምር ሰውነቴን ወረረኝ። ከዚያ ትልቁን ስክሪን አየሁ። ልብሱ ልብስ መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊ ነበልባል ሆኗል። ጥለቱ የለም። የሐያት ፊት ጠቁሮ ጠፍቷል፤ ልብስ ብቻውን የሚዘፍን ነበር የሚመስለው።

ዳይሬክተሩ ትሑት ሰው ነው። ወርዶ ይቅርታ ጠየቀኝና በዚህ ልብስ መቅረጽ እንደማይቻል፣ ሌላ ቀይ ቀሚስ መዘጋጀቱን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ካሜራችሁን ቀይሩት አልኩት። ሐያት ይህን ስትተረጉም አለሳልሳዋለች መሰለኝ፣ ሰውየው አልተቀየመም። ሐያትን የቱን እንደምትመርጥ ሲጠይቃት «አጎቴ ይወስን» አለች።

የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ሊስቤት የምትባል የኔ እኩያ ሴት ናት። መጥታ የቀሚሱን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸት አሸት አደረገችው፤ ልክ ሰኞ ገበያ ላይ ጥጥ እንደምትመርጥ ሴት። ያኔ የሙያ ሰው መሆኗን አወቅሁ። በምን እንዳጠብኩት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ሦስት ጊዜ ስላት ሳቀች። የሳሙናው ዱቄት ነጭን የሚያበራ ነገር አለበት፤ በፀሐይ ያምራል፤ በዚህ መብራት ሥር ግን ይነድዳል አለችኝ። እኔ ለማክበር ያደረግሁት ነው ያበላሸው። መድኃኒቱ ሻይ ውስጥ መንከር ነው ስትለኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባኝ ሸማኔ ነጭ ያነጣል እንጂ ነጭ አያቆሽሽም ብያት ወጣሁ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ሐሙስ

ዘ ሄግ በሬዲዮ የምንሰማት የፍርድ ቤቷ ከተማ ናት፤ የኔም ፍርድ እዚያው ተሰጠ። የሊስቤት የልብስ ማዘጋጃ እዚያ ነው። ዘሃራ ሥራ ስለነበራት ከሐያት ጋር ሄድኩ፤ ልብሱን ይዤ፣ እሺ ሳልል።

ሊስቤት ትልቁን በርሜል በሻይ ሞልታ አስቀዝቅዛዋለች። የተረፈችውን ቁራጭ ከኪሴ አወጣሁላት፤ ሸማኔ ቁራጭ አይጥልም። ነክራ አድርቃ የመድረኩን በመሰለ መብራት ሥር አሳየችኝ፤ መንደዱን ትቷል። አየሁ፤ ልቤ ግን አልተከፈተም። ፈትሉ ሻዩን ወጥ አድርጎ ባይቀበል፣ ቀዩ ጥለት ቢለቅበት፣ የምተካበት ክር በዓለም ላይ የለም፤ የፈተለችው ሴት አፈር ውስጥ ናት።

ሊስቤት ልጫንህ አላለችም። ኮቷን ለብሳ ሁለታችንንም በትራም ወደ ባሕሩ ወሰደችን። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይህን ያህል ውኃ ከምንም ነገር ጋር አላወዳድረውም። እሷ ከትንሽ ሱቅ ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ገዝታ በጭራው ይዛ ዋጠችው። እኔን ስትጋብዘኝ እምቢ አልኩ፤ ለኔ የተጠበሰ ፈልጋ አመጣችልኝ፤ አጥንቱንም እስክለቅም ቆማ ጠበቀችኝ።

ሐያት አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አጎቴ፣ አያቴ ‹ነጭ ይሁን› ነው ያለችው ወይስ ‹ትልበሰው›?»

እናቴ ስትናገር አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ትልበሰው» ነው ያለችው። ስለ ነጭነቱ የተጨነቅሁት እኔ ነኝ፤ ስሜን ነበር የማጥበው።

ተመለስን። ሊስቤት የጎማ ጓንት ለብሳ ስትጠጋ፣ እኔ ነኝ የምነክረው አልኳት። እጅጌዬን ሰብስቤ «ቢስሚላህ» ብዬ የእናቴን ፈትል ሻዩ ውስጥ አወረድኩት። ወጥ ሆኖ እንዲይዝ ዝም ብዬ አገላበጥኩት፤ ሊስቤትም ሰዓቷን እያየች በዓይኗ ታዘኛለች። ሲወጣ የእርጎ ቅባት የመሰለ ቀለም ይዟል። ቀዩ ጥለት ጠብታ አለቀቀም፤ የኔ ቀለም እንደማይለቅ ድሮም ተናግሬያለሁ። ልብሱ ተሰቅሎ ሲንጠባጠብ ሊስቤት ከዚያው ከሻዩ ፓኮ አፍልታ አቀረበችልኝ። ሁለታችንም ኩባያውን አይተን ሳቅን።

ዓርብ

ጧት ሁለተኛው የካሜራ ልምምድ ነበር። ስክሪኑን ላለማየት ጫማዬን አየሁ። ዘሃራ በክርኗ ጎሰመችኝ። ቀና ስል ልብሱ ስክሪኑ ላይ ነጭ ነው። ደሴ ፀሐይ ላይ ከነበረው ይልቅ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ክር በክር ይቆጠራል፤ የሐያት ፊት ደግሞ ከመካከሉ በርቶ ይታያል። ዳይሬክተሩ ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ። እኔም መለስኩለት፤ ታረቅን።

ከጁምዓ በኋላ የዘሃራ ቤት በሰው ሞላ። ከወሎም ከአዲስ አበባም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ሐበሻ ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ እነዚህም ለሐያት ድምፅ የሚያስተባብር ኮሚቴ ካቋቋሙ ወር አልፏቸዋል። ሰብሳቢና ጸሐፊ አለው፤ ማን በየትኛው ደቂቃ እንደሚደውል በወረቀት ተከፋፍሏል። ሐያት ገብታ ወረቀቱን አየችና ሳቋን አፈነች። የአንድ አገር ነዋሪ ለራሱ አገር ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ሆላንድ ያለ ሰው ለሆላንድ መምረጥ ክልክል ነው። ወር ሙሉ ሲሰበሰቡ ደንቡን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ አጀንዳው መሻሻሉን አስታወቀ፤ ሁሉም ስልኩን አንሥቶ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣልያን ያለ ዘመዱን ፍለጋ ገባ።

ቅዳሜ

አገራቸው በዚህ ወቅት ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም፤ እኛ ዘንድ እራት ተበልቶ በሚተኛበት ሰዓት ገና በብርሃን ወደ አዳራሹ ገባን። ያ ባዶ የነበረ ቦታ በሰው ጢም ብሏል። ያልገባኝ ዘፈን ብዙ ነበር፤ አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ በገመድ ይወርዳል። ለሁሉም አጨበጨብኩ፤ የእንግዳ ወግ ነው።

የሐያት ተራ ከመድረሱ በፊት አስተዋዋቂዋ ከመድረኩ ጀርባ አግኝታት፣ ይህ የሚያምር ልብስ ከየት ነው ብላ በእንግሊዝኛ ስትጠይቃት በስክሪኑ ላይ አየን። ዘሃራ እየተረጎመችልኝ ነበር። ሐያት ጥጡን አያቷ እንደፈተለችው፣ ልብሱን አጎቷ እንደሠራው ተናገረች። ሥራው ምን ይባላል ስትባል ግን መተርጎም አላስፈለገኝም። ቀጥ ብላ ካሜራውን አይታ በአማርኛ «ሸማኔ» አለች። አስተዋዋቂዋ እየተኮላተፈች ደገመችው። ሐያት «ሸማኔ» ብላ አረመቻት፤ ሴትዮዋም አስተካክላ አለችው።

ያ ሁሉ አገር ሰማው። ዘሃራ እጄን ጨበጠችው፤ እንባዋ ይወርዳል፤ እየሳቀች ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የአባታችንን ቃል አለችው፦

«ጋሼ፣ የሰደቡን ልጆች ራቁታቸውን ነበሩ እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ዘፈኑን እንዴት እንደዘፈነችው የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ እኔ በእንባ አላየሁም። አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ አጠገቤ የነበረ ብርቱካናማ ባርኔጣ ያጠለቀ ሆላንዳዊ አቅፎኝ «የኛ ሐያት» አለ፤ ቃሉን ከትራሙ ሽማግሌ ለምጄዋለሁ። በዚህ ጊዜ አልተቀየምኩም። ድሩ የነሱ፣ ማጉ የኛ ነው፤ ሁለቱ ሳይኖሩ ሸማ የለም። አንደኛ አልወጣችም፤ ስድስተኛ ሆነች። ከጀርመን ብዙ ድምፅ መጣ ሲባል ኮሚቴው ራሱን አመሰገነ።

በማግስቱ ሊስቤት አየር ማረፊያ ድረስ መጥታ አንድ ፓኮ ሻይ ሰጠችኝ። ሁሴንም ከሥራው ቦታ ሮጦ መጥቶ ሸኘኝ።

ደሴ ስገባ ልብሱን በቴሌቪዥን ያየች የሙሽራ እናት ሱቄ በር ላይ ቆማለች። እንደ ሐያት ያለ ነጭ ነው የምፈልገው አለችኝ። በሻይ ነክሬው ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳት፤ ምሥጢሬን የደበቅኋት መስሏት አኩርፋ ሄደች። ከሷ በኋላ የመጡትም አላመኑኝም።

እኔም በዚያው ሳምንት ታፔላ ጻፊውን ጠራሁትና አሮጌውን አስወረድኩ። ምን ይጻፍ አለኝ። ነገርኩት። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ አየኝና፣ «መደብር፣ የባህል ልብስ፣ ምናምን የለም? ‹ሰይድ ሸማኔ› ብቻ?» አለኝ።

«ብቻ» አልኩት፤ «በትልቁ ጻፈው።»